የጆርጅ ዋሽንግተን ጥርሶች

የአሜሪካንን የአንድ ዶላር ኖት በእጁ ይዞ ያየ ሰው፣ የጆርጅ ዋሽንግተን ከንፈሮች ግጥም ብለው የተዘጉና ዙሪያቸውም ያበጠ መሆኑን ሳያስተውል አይቀርም። እኛም ይህን ሥዕል በክፍላችን ስንመለከት ሰውየው የተቆጡ መስሎን ነበር። የሕይወት ታሪካቸውን ካነበብን በኋላ ግን ነገሩ የቁጣ ሳይሆን የጥርስ መሆኑን ተረዳን። ስለ ጦር ሜዳ ውሏቸው ብዙ ተጽፏልና እኛ ስለዚሁ ለመጻፍ መረጥን።

ዋሽንግተን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1732 በቨርጂኒያ ተወለዱ። የመጀመሪያ ጥርሳቸውን ያስነቀሉት በ1756፣ ገና በ24 ዓመታቸው ነበር። ጥርሳቸውን በብሩሽና በዱቄት ዘወትር ቢያጸዱም የተቀሩትም እየተከታተሉ ወለቁ። ማደንዘዣ ባልነበረበት በዚያ ዘመን ጥርስ ማስነቀል ምን ያህል ጭንቅ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም። የነጻነቱን ጦር ሲመሩ እንኳ ሕመሙ አልተለያቸውም፤ በ1781 ለጥርስ ሐኪማቸው መፋቂያ እንዲላክላቸው የጻፉት ደብዳቤ በመንገድ ላይ በእንግሊዞች እጅ ወድቋል።

ሚያዝያ 30 ቀን 1789 በኒውዮርክ ከተማ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ በአፋቸው የቀረው አንድ ጥርስ ብቻ ነበር። ጆን ግሪንውድ የተባለው የጥርስ ሐኪም፣ በልጅነቱ በዚያው በነጻነቱ ጦር ውስጥ ዋሽንት ነፊ የነበረው፣ ከጉማሬ ጥርስ ቀርጾ ሰው ሠራሽ ጥርስ አበጀላቸው። የሰው ጥርሶችንም ተከለበት፤ ላይኛውንና ታችኛውን በወርቅ ሞላ አያያዘ፤ የቀረችው አንዲት ጥርስም እንድታልፍበት ቀዳዳ አበጀ። ሞላው አፍን ወደ ውጭ ስለሚከፍት ፕሬዚዳንቱ መንጋጋቸውን ነክሰው መዋል ነበረባቸው። በ1797 ለግሪንውድ በጻፉት ደብዳቤም ጥርሱ ከንፈራቸውን እየገፋ እንደሚያሳብጠው አመልክተዋል። የእንጨት ጥርስ ነበራቸው የሚባለው ግን ሐሰት ነው።

አንድ ነገር እንጻፈው ወይስ እንተወው ብለን ተከራክረናል። በ1784 የዋሽንግተን የሒሳብ መዝገብ ከባሮች ለተወሰዱ 9 ጥርሶች 6 ፓውንድ ከ2 ሽልንግ እንደ ተከፈለ ያሳያል። ጥርሶቹ ለማን አፍ እንደ ዋሉ መዝገቡ አይናገርም፤ የባሮቹንም ስም አልጻፈም። ስለ ነጻነት የተዋጉት ሰው በርስታቸው ላይ ባሮች ያሳድሩ እንደ ነበር መደበቅ ታሪክን ማጉደል ስለ መሰለን አልተውነውም።

ዛሬ ጥርሱ የወለቀበት ሰው ምርጫው ብዙ ነው። የሚወልቅና የሚገባ ጥርስ ይሠራለታል፤ ወይም ግራና ቀኙ ባሉት ጥርሶች ላይ የሚደገፍ ድልድይ ይተከልለታል። በ1965 ደግሞ ብሮኔማርክ የተባሉ የስዊድን ሐኪም ከቲታንየም የተሠራ ሥር በአንድ ሰው መንጋጋ አጥንት ውስጥ ተክለው፣ አጥንቱ ብረቱን አጥብቆ እንደሚይዘው አሳይተዋል። ዋሽንግተን ይህን ሁሉ ሳያዩ ታኅሣሥ 14 ቀን 1799 ዐረፉ።

እስከ ዛሬ ድረስ በመኖሪያቸው በማውንት ቨርነን የሚታየው ሙሉ ጥርሳቸው መቀመጫው ከእርሳስ የተሠራ ስለሆነ ከባድ ነው። ያችን የመጨረሻይቱን ጥርስ ግሪንውድ በ1796 ነቀላት፤ እሳቸውም ለመታሰቢያ ሰጡት፤ እርሱም በትንሽ የወርቅ ማኅደር አኑሮ ጠበቃት።