ኧርነስት ሄሚንግዌይና የቢሚኒ ሻርኮች

ብዙዎቻችን ኧርነስት ሄሚንግዌይን የምናውቀው ሻርኮች ዓሣውን በበሉበት በዚያ ሽማግሌ ታሪክ ነው። መጽሐፉ ትንሽ ስለ ሆነ በቀላሉ የተጻፈ ይመስለናል። የደራሲውን ሕይወት ስንመረምር ግን ከትንሹ መጽሐፍ በስተኋላ የብዙ ዘመን ድካም፣ ከድካሙም ይልቅ የብዙ ዘመን ትዕግሥት እንዳለ እንረዳለን።

ሄሚንግዌይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1899 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በቺካጎ አጠገብ በምትገኘው በኦክ ፓርክ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበር፤ ልጁንም ገና በሕፃንነቱ በሚሺጋን ሐይቅና ወንዝ ዳር ዓሣ ማጥመድን አስተማረው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እንደ ፈጸመ ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ በካንሳስ ሲቲ የጋዜጣ ወሬ አቀባይ ሆነ። በ1918 በኢጣሊያ ጦር ግንባር የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነጂ ሳለ ክፉኛ ቆሰለ።

በ1921 መጨረሻ ወደ ፓሪስ ሲጓዝ የተሳፈረበት መርከብ በእስፓኝ፣ በቪጎ ወደብ ለጥቂት ሰዓት ቆመ። በዚያም ቱና የተባለው ታላቅ ዓሣ ከባሕር ሲዘል አየ፤ ወዲያውም ስለዚሁ ለካናዳው ቶሮንቶ ስታር ጋዜጣ ጻፈ። ዕድሜው ያን ጊዜ 22 ዓመት ነበር። ከቱና ወገን ትልቁ ብዙ መቶ ኪሎ ይመዝናል፤ ሰውነቱንም ከውኃው ይልቅ ሞቃት አድርጎ ለመጠበቅ ስለሚችል በፍጥነትም በጉልበትም የሚስተካከለው ዓሣ ጥቂት ነው። ወጣቱ ጋዜጠኛ ይህን ዓሣ ከዐይኑ ባያጠፋውም በመንጠቆ ለመግጠም ግን ከ10 ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረበት።

በዚህ መካከል ሁለት ታላላቅ ልብ ወለዶች አሳትሞ ስሙ ገነነ። በ1934 ፒላር ብሎ የሰየማትን 12 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ባለ ሞተር ጀልባ አሠራ። በሚያዝያ 1935 ከፍሎሪዳ በስተምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ ቢሚኒ ደሴት ተነሣ። ነገር ግን በመንገድ ላይ በመንጠቆ የተያዘ ሻርክ በሽጉጥ እገድላለሁ ሲል ጥይቱ ነጥሮ ሁለቱንም እግሮቹን አቆሰለው። ወደ ቤቱ ተመልሶ ታከመና ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና ጉዞውን ቀጠለ።

ቢሚኒ በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ግዛት ሥር የነበረች ጠባብና ጭር ያለች ደሴት ነበረች። ሄሚንግዌይ ካረፈባቸው ቤቶች አንዱ በዚያው ዓመት የተሠራው ኮምፕሊት አንግለር የተባለው የእንጨት ሆቴል ነው፤ ይህ ሆቴል በ2006 ዓ.ም. ተቃጥሎ ጠፍቷል። የደሴቲቱ አጥማጆች ትልቁን ችግር ያውቁት ነበር። መንጠቆ የዋጠ ቱና ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ አጥማጁም ለሰዓታት ሲታገለው ይደክማል። አጥማጁ ትንፋሽ ሲወስድ ዓሣውም ቆም ይላል፤ ያን ጊዜ ሻርኮች ይደርሳሉ። ወደ ላይ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ራሱ ብቻ ነበር። ሄሚንግዌይ መፍትሔውን ቶሎ አገኘው፤ ይኸውም ለዓሣውም ለራሱም ዕረፍት ሳይሰጡ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ያለ ማቋረጥ መሳብ ነው። በዚህም ዘዴ በ1935 ያልተነካ ቱና ይዞ ወደ ደሴቲቱ በመድረሱ ስሙ በአጥማጆች ዘንድ ተነሣ።

ሆኖም በዚያው ወራት ጓደኛው ሠዓሊው ሄንሪ ስትሬተር ማርሊን የተባለውን አፈ ሹል ዓሣ ሲይዝ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። ሄሚንግዌይ የሚመጡትን ሻርኮች በቀላል መትረየስ ተኮሰባቸው፤ የፈሰሰው ደም ግን ሌሎችን ሻርኮች ጠራ። ዓሣው ከባሕር ሲወጣ ግማሽ አካሉ ተበልቶ ነበር።

ሄሚንግዌይ በዚያን ጊዜ ኤስኳየር ለተባለው የአሜሪካ መጽሔት ይጽፍ ነበር። በጥር 1936 ኢጣሊያ በአገራችን ላይ ስላነሣችው ጦርነት ጻፈ፤ በሚያዝያ ደግሞ ስለ አንድ የኩባ ሽማግሌ አጥማጅ አጭር ወሬ አወጣ። ሽማግሌው ብቻውን የያዘውን ታላቅ ዓሣ ሻርኮች በልተውበት በባሕር ላይ ሲያለቅስ ተገኘ። ወሬው የጥቂት መስመሮች ነበር። ሄሚንግዌይ ወደ መጽሐፍ ለመለወጥ አልቸኮለም፤ 15 ዓመት ያህል በልቡ አኖረው።

በ1950 ያሳተመው ልብ ወለድ በሐያስያን ዘንድ ክፉኛ ተነቀፈ፤ ብዙዎችም ብዕሩ ደከመ አሉ። ያን ጊዜ ነው በኩባ ቤቱ ተቀምጦ የሽማግሌውን ታሪክ በሁለት ወር ገደማ የጻፈው። በ1952 ላይፍ መጽሔት ሲያወጣው በሁለት ቀን 5 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። በ1953 የፑሊትዘርን፣ በ1954 የኖቤልን ሽልማት አገኘ፤ በዚያው ዓመት በምሥራቅ አፍሪካ በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ስለ ተጎዳ ግን ሽልማቱን ለመቀበል ወደ ስቶክሆልም አልሄደም። ከዚያ በኋላ ሕመም በረታበት፤ በሐምሌ 1961 በአይዳሆ ቤቱ በገዛ ጠመንጃው ሕይወቱን አጠፋ።

እንግዲህ እናስተውል። ሳይነካ ያወጣው ቱና ለሄሚንግዌይ የጥቂት ወራት ዝና ሰጠው፤ ተበልቶ የቀረው የሽማግሌው ዓሣ ግን ለዘመናት የሚነበብ መጽሐፍ ሆነ። እኛ ወጣቶች በፈተና ስንወድቅ ወይም በሥራችን ሳይሳካልን ሲቀር ነገሩን ፈጥነን ለመርሳት እንጥራለን። ምናልባት ይህን ያህል መቸኮል አይገባንም ይሆናል፤ ሻርክ የበላውም ዓሣ አጽሙ ወደ ወደብ ሊመጣ ይችላልና።