የቶማስ ፔይኮክ ኑዛዜ እና ስማቸው ያልተጻፈ ፈታዮች

በዚህ እትም የምናስነብባችሁ ከሞተ አምስት መቶ ዓመት ያለፈው የአንድ እንግሊዛዊ የሱፍ ጨርቅ ነጋዴ የሕይወት ታሪክ ነው። ስሙ ቶማስ ፔይኮክ ይባላል። ንጉሥ አልነበረም፤ ጦርም አልመራም። ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሣው በሠራው ቤትና ትቶት በሄደው ኑዛዜ ነው። እኛ የሒሳብ ሥራ የምንሠራ ሴቶች ደግሞ ኑዛዜን የምናየው እንደ አንድ ሰው የመጨረሻ የሒሳብ መዝገብ ነው። ለማን ምን ያህል እንደ ተሰጠ፣ ማን በስሙ እንደ ተጻፈ፣ ማን በጥቅል እንደ ታለፈ ያሳያል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ዘመኑ ጥቂት እንበል። እንግሊዝ ከጥንት ጀምሮ የበግ አገር ናት። ለረጅም ጊዜ ሀብቷ የተመሠረተው የተሸለተውን ሱፍ ሳይፈተል ወደ ውጭ በመሸጥ ላይ ነበር። የፍላንደርስና የጣሊያን ሸማኔዎች ሱፉን ገዝተው፣ ጨርቅ አድርገው፣ ትርፉን ለራሳቸው ያስቀሩ ነበር። ሱፍ ለአገሪቱ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደ ነበር ለመረዳት አንድ ምልክት ይበቃል፤ በእንግሊዝ የላይኛው ምክር ቤት የሰብሳቢው መቀመጫ በሱፍ የተሞላ ትልቅ ትራስ ነው፤ እስከ ዛሬም እዚያው አለ።

በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነገሥታቱ ለጦርነት ገንዘብ ሲያስፈልጋቸው ወደ ውጭ በሚወጣው ጥሬ ሱፍ ላይ ከባድ ቀረጥ ጣሉ። በጨርቁ ላይ የተጣለው ቀረጥ ግን ቀላል ነበር። ስለዚህ ሱፉን እዚያው አገር ውስጥ ፈትሎና ሸምኖ መላክ ይበልጥ አዋጪ ሆነ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ከሱፍ ሻጭነት ወደ ጨርቅ ሻጭነት ተሸጋገረች። የፔይኮክ ቤተሰብም በዚህ ለውጥ ከበለጸጉት አንዱ ነው።

ቶማስ የኖረው ከለንደን በስተሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው በኤሴክስ አውራጃ፣ ኮግሻል በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከተማዋ በብላክዋተር ወንዝ አጠገብ ያለች ስትሆን በጥሩ ነጭ ጨርቋ ትታወቅ ነበር። የቶማስ ዘመዶች ከአጎራባቹ የሰፎክ አውራጃ፣ ክሌር ከምትባል ከተማ የመጡ ናቸው። ሚስቱን ማርጋሬት ሆሮልድን ያገባውም ከዚያችው ከክሌር ነው። በ1509 ገደማ በኮግሻል ዋና መንገድ ላይ የተሠራው ቤቱ ዛሬም ቆሟል። ምሰሶውና ጣሪያው በተቀረጸ የኦክ እንጨት ያጌጠ ነው። በእንጨቱ ላይ የቶማስ የስም ምልክት፣ የሚስቱ የስም ምልክት፣ እንዲሁም የንግድ ምልክቱ ተቀርጸዋል። የንግድ ምልክቱ ሁለት ቅጠል ያለው ትንሽ ተክል ይመስላል። ጨርቁ ገበያ ላይ ሲደርስ የማን እንደ ሆነ የሚታወቀው በዚህ ምልክት ነበር።

አሁን ሥራው እንዴት ይሠራ እንደ ነበር እንመልከት። ቶማስ ሠራተኞቹን ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር የሰበሰበ የፋብሪካ ባለቤት አልነበረም። ሱፍ ይገዛል፤ ሱፉን ለአበጣሪዎችና ለአባዛቾች ይሰጣል። የበጠረውና የተባዘተው ሱፍ በየመንደሩ ላሉ ፈታዮች ይሄዳል። የተፈተለው ክር ተመዝኖ ሲመለስ ለሸማኔዎች ይታደላል። ሰፊው ጨርቅ የሚሸመነው ሁለት ሸማኔዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው መወርወሪያውን አንዱ ለሌላው እየወረወሩ ነው። ከዚያ በኋላ ወቃጮች ጨርቁን በውኃና ቅባት በሚያወጣ ልዩ አፈር ይወቅጡታል፤ ጨርቁም ይጠብቃል። በመጨረሻ ከርካሚዎች የጨርቁን ጠጉር በእሾሃማ ተክል አስነሥተው በትልቅ መቀስ እኩል ይከረክሙታል። በየደረጃው ሱፉም፣ ክሩም፣ ጨርቁም የነጋዴው ንብረት ነው። ሠራተኛው የሚያገኘው የእጁን ዋጋ ብቻ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ብዙ እጅ የሚፈልገው መፍተል ነው። አንድ የሽመና ዕቃ ሥራ እንዳይፈታ በርካታ ፈታዮች ያለ ማቋረጥ መፍተል ነበረባቸው። ፈታዮቹም ሴቶች ነበሩ። ያገቡት፣ ያላገቡት፣ ባል የሞተባቸው፣ ሁሉም በየቤታቸው፣ ልጅ እያሳደጉና እያበሰሉ ይፈትሉ ነበር። ሥራው ከሴት ጋር እጅግ ከመቆራኘቱ የተነሣ በእንግሊዝኛ ፈታይ ለማለት የሚያገለግለው ቃል ከጊዜ በኋላ ያላገባች ሴት መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። ከእንዝርት ጋር ያደግን እናቶችና እኅቶች ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገንም። ሸማኔው ጥበቡን ሲሸጥ ዋጋው ይታያል፤ ባዘቶውን ወደ ልቃቂት የለወጠችው ሴት የደከመችበት ሌሊት ግን በገበያው ላይ አይታይም።

በቤት ተበታትኖ የሚሠራ ሰው ለመታለል የተጋለጠ ነው። በ1460ዎቹ የእንግሊዝ ፓርላማ ያወጣው ሕግ ይህን በግልጽ ያሳያል። ሕጉ አንዳንድ የጨርቅ አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው ከገንዘብ ይልቅ መርፌ ቁልፍ፣ መቀነትና ሌላ የማይረባ ዕቃ ይከፍሉ እንደ ነበር፣ ሱፉንም ከልክ በላይ በሆነ ሚዛን ይሰጡ እንደ ነበር ይናገራል። ስለዚህ ክፍያው በእውነተኛ ገንዘብ፣ ሚዛኑም ትክክለኛ እንዲሆን አዘዘ። ቶማስ ፔይኮክ እንዲህ ያደርግ ነበር የሚል ማስረጃ የለም። እንዲያውም ኑዛዜው ሠራተኞቹን የማይረሳ ሰው እንደ ነበረ ያመለክታል።

ቶማስ የሞተው በ1518 ነው። የመጀመሪያ ሚስቱ ማርጋሬት ቀድማው ሞታ ነበር። ሁለተኛ ሚስቱ አን ኮተን በዚያን ጊዜ እርጉዝ ነበረች። ኑዛዜው ላልተወለደው ልጅ ድርሻ ያስቀምጣል። ለነፍሱ ጸሎት የሚያደርስ ካህን እንዲቀጠር ብዙ ገንዘብ ይመድባል። ለአብያተ ክርስቲያናት፣ ለድሆችና ለተበላሹ መንገዶች መጠገኛም ይሰጣል። የመንገዱ ነገር የሚገርም አይደለም፤ ሱፉና ክሩ በጭቃ መንገድ ሲመላለስ የኖረ ነጋዴ ጭቃው ምን እንደሚያስከፍል ያውቃል።

ከዚያ ወደ ሠራተኞቹ ይመጣል። እዚህ ላይ እኛ ብዕራችንንና ማስያችንን ይዘን እንቀመጥ። በዚያ ዘመን አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ፣ አንድ ሽልንግ ደግሞ 12 ፔንስ ነበር። ተራ የቀን ሠራተኛ በቀን 4 ፔንስ ገደማ፣ ባለ ሙያ ደግሞ 6 ፔንስ ገደማ ያገኝ ነበር። ቶማስ ጉዴይ ለተባለ ከርካሚ 20 ሽልንግ ተወለት፤ ይህም 240 ፔንስ ነው። ለዚሁ ሰው ልጆች ለእያንዳንዳቸው 3 ሽልንግ ከ4 ፔንስ፣ ማለትም 40 ፔንስ ሰጠ። በስማቸው ላልተጠቀሱት ሸማኔዎች፣ ወቃጮችና ከርካሚዎች ለእያንዳንዳቸው 12 ፔንስ እንዲሰጣቸው፣ ብዙ ሥራ ለሠሩለት ግን 40 ፔንስ እንዲደርሳቸው አዘዘ።

አበጣሪዎቹ፣ አባዛቾቹና ፈታዮቹስ? ለእነርሱ የተጻፈው አንድ መስመር ነው፤ ለሁሉም የሚከፋፈል 4 ፓውንድ። ለእያንዳንዷ ስንት እንደሚደርስ አልተባለም፤ ብዙ የሠራችው ከጥቂት ከሠራችው አልተለየችም፤ አንዲትም ፈታይ በሙያዋ በስም አልተጠራችም። አራት ፓውንድ 960 ፔንስ ነው። እንደ ተራው ሸማኔ 12 ፔንስ ቢደርሳቸው ገንዘቡ የሚበቃው ለ80 ሰው ብቻ ነው። እንደ ትጉሁ ሸማኔ 40 ፔንስ ይሁን ቢባል ለ24 ሰው ብቻ ይበቃል። የአንድ ቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ዋጋ፣ 4 ፔንስ ቢሆን ደግሞ 240 ሰው ይደርሰዋል። ስንት እንደ ነበሩ አልተጻፈምና ስንት እንደ ደረሳቸው ሊታወቅ አይችልም። ጥቅል ድምር ያለ ቁጥርና ያለ ስም ሲጻፍ፣ ልግስና እንኳ ቢሆን፣ ሊመረመር የማይችል ሒሳብ ይሆናል።

ይህን ስንል ቶማስን ለመክሰስ አይደለም። ከሀብታሞች መካከል ፈታዮቹን ጭራሽ ያላስታወሰ ብዙ ነበር። እርሱ ቢያንስ እነዚያ እጆች እንዳሉና ሀብቱ በእነርሱ ላይ እንደ ተሠራ ያውቅ ነበር። ክሩ ከብዙ መንደር ተሰብስቦ የሚመጣ ነውና ምናልባት ብዙዎቹን በዓይኑም አላያቸው ይሆናል። ነገር ግን በኑዛዜው ውስጥ በስም የተጠሩት ሴቶች እነማን እንደ ሆኑ ብናይ ሚስቶቹ፣ ዘመዶቹ፣ እንዲሁም ከከርካሚው ከጉዴይ ዘመዶች አንዷ የሆነችው የክርስትና ልጁ ግሬስ ናቸው። ሴት በኑዛዜው የምትጻፈው በዝምድናዋ እንጂ በሥራዋ አልነበረም ማለት ነው። ጉዳዩ የአንድ ሰው ክፋት ሳይሆን የአሠራር ልማድ ነበር። የአሠራር ልማድ ደግሞ በአሠራር ይለወጣል።

የኋላው ታሪክ አጭር ነው። ቶማስ ለነፍሱ ብሎ ያቆመው የጸሎት መታሰቢያ ብዙ አልቆየም። በ1547 በወጣው ሕግ እንዲህ ያሉ መታሰቢያዎች በመላ አገሪቱ ተሽረው ገንዘባቸው ወደ መንግሥት ገባ። ቤቱም ከጊዜ በኋላ ወደ ሌሎች እጅ ተላለፈ። በ1924 ቅርስ ለሚጠብቀው ለናሽናል ትረስት ተሰጥቶ ዛሬ ጎብኚዎች ያዩታል። በዚያው በ1924 አይሊን ፓወር የተባለች እንግሊዛዊት የታሪክ ተመራማሪ ስለ መካከለኛው ዘመን ሰዎች ባሳተመችው መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ለቶማስ ፔይኮክ ሰጠች። ኑዛዜውን በዝርዝር አንብባ፣ ከነጋዴው ጋር የሸማኔውንና የፈታይዋን ኑሮ አንሥታ ጻፈች። የቶማስ ስም ዛሬ በሰፊው መታወቁ ከእርሷ ድካም ጋር የተያያዘ ነው።

እኛስ ከዚህ ምን እንውሰድ? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ ማኅበራችንም የቆመው በዚህ አባባል ነው። ድሩ የሚያብረው ግን እያንዳንዱን ክር የፈተለ ሰው ስላለ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ለአባላት ጉባኤ እናቀርባለን። አንደኛ፣ አባላት በየቤታቸው ሠርተው የሚያመጡት ሥራ ሁሉ በስማቸው፣ በመጠኑና በተከፈለው ዋጋ ይመዝገብ፤ አንድ ቅጂም በአባሏ እጅ ይቆይ። ሁለተኛ፣ ዕቃ ሲመዘን ባለቤቷ ከሚዛኑ አጠገብ ትቁም፤ ማንበብ የማትችል ካለች የምታምናት ሴት ታንብብላት። ሦስተኛ፣ ለደጋፊዎቻችን በምንልከው ዓመታዊ ሪፖርት ለአባላት የተከፈለ ከሚለው ጥቅል ድምር ጎን ለስንት ሴቶች እንደ ተከፈለ፣ ትንሹና ትልቁ ክፍያ ስንት እንደ ሆነ ይጻፍ። የስም ዝርዝሩ ደግሞ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ለማንኛዋም አባል ክፍት ይሁን።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። የምትሰጡት ገንዘብ እንደ ኮግሻሉ አራት ፓውንድ ወዴት እንደ ደረሰ ሳይታወቅ እንዲቀር አንፈልግም። ሪፖርታችንን ስታነቡ ድምሩን ብቻ አትመልከቱ፤ ከድምሩ በስተጀርባ ስንት ሴቶች እንዳሉ ጠይቁን። ጥያቄያችሁ አያስከፋንም፤ መልሱን ከመዝገባችን አውጥተን እንሰጣችኋለን።