የአበበ ቢቂላ ድልና የድካሙ ዋጋ

ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ በሥራም ሆነ በማኅበር ጉዳይ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው የይፋትን ቆላ፣ የማሾውንና የማሽላውን ማሳ ከኋላው ትቶ ደብረ ሲናን ያልፋል፤ የጣርማበርን ዳገት ወጥቶ ደጋው ላይ ይደርሳል፤ ደብረ ብርሃንን አልፎም ሸኖን ያገኛል። ይህን ጎዳና አብዛኞቻችን የምናውቀው በአውቶቡስ መስኮት ነው። ሆኖም በዓለም ስፖርት መዝገብ ስሙ ከማይፋቀው ከሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት ሁለት ዐበይት ነገሮች፣ ልደቱና አካሉን ያጣበት አደጋ፣ የተፈጸሙት ከዚሁ መስመር ብዙ ሳይርቁ ነው። ስለ ጀግንነቱ ብዙ ተጽፏል። እኛ ዛሬ የምንመረምረው ግን በሠራተኛው ሕዝብ ዘንድ ዘወትር የሚነሣውን አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ሰውየው በእግሩና በላቡ ያስገኘው ሀብት ለማን ደረሰ የሚለው ነው።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ከድኻ ገበሬ ቤተሰብ ነው። በዚያው ዕለት በሎስ አንጀለስ የኦሎምፒክ ማራቶን ይካሄድ ነበር። በውድድሩ ላይ ለመሮጥ ተዘጋጅቶ የነበረው ታላቁ የፊንላንድ ሯጭ ፓቮ ኑርሚ ግን እንዳይሰለፍ ታግዷል። ጥፋቱ ምን ነበር ቢባል፣ ሲሮጥ ከተፈቀደው በላይ የጉዞ ገንዘብ ተቀብሏል የሚል ነበር። የጃቶው ሕፃን ዕድሜውን ሙሉ የሚሮጠው ኑርሚን ባገደው በዚሁ ሕግ ሥር እንደሚሆን በዚያን ቀን ማን ሊገምት ይችል ነበር?

ሕጉ የአማተርነት ሕግ ይባላል። ስፖርተኛ ለፍቅር እንጂ ለገንዘብ መወዳደር የለበትም ይላል። ላይ ላዩን ሲያዩት ቅን ይመስላል፤ ምንጩን የመረመረ ግን የመደብ ጠባዩን ወዲያው ይለያል። በእንግሊዝ አገር የሄንሊ የጀልባ ቀዘፋ ውድድር አዘጋጆች እ.ኤ.አ. በ1879 ባወጡት ደንብ መካኒክ፣ የእጅ ባለሙያና የቀን ሠራተኛ የሆነ ሁሉ አማተር አይባልም ብለው ከውድድር አግደውት ነበር። ርስትና ገቢ ያለው ሰው በነጻ መቅዘፍና መሮጥ አይቸግረውም። በጉልበቱ የሚያድር ሰው ግን ልምምድ ላይ የዋለበትን ቀን የሚተካለት የለም። አበበ በሮጠባቸው ዓመታት ሁሉ የዓለም አቀፉን ኦሎምፒክ ኮሚቴ የመሩትና ይህን ሕግ አጥብቀው የጠበቁት ኤቨሪ ብራንዴጅ በቺካጎ ከተማ በሕንፃ ሥራ ተቋራጭነት የበለጸጉ ባለሀብት እንደነበሩም ማስታወስ ይገባል።

አበበ በልጅነቱ ከብት ጠብቋል፣ ገና ተጫውቷል። በ1940ዎቹ አጋማሽ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ጦር ተራ ወታደር ሆነ። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ያገኙትም እዚያ ነው። ወታደር መሆኑ ለሩጫው ወሳኝ ነበር። ደመወዙ ስለ ውትድርናው የሚከፈል ስለነበር በሕጉ ዓይን አማተርነቱን አያፈርስም። በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን ከመምህራን እንደሰማነው፣ የምሥራቅ አውሮፓ ሯጮችም ወታደር ወይም የፋብሪካ ሠራተኛ ተብለው እየተመዘገቡ ይወዳደሩ ነበር። እንግዲህ ሕጉ ደመወዙን ከየት አገኘኸው ብሎ ይጠይቅ እንጂ፣ በድሉ የሚያተርፉትን ወገኖች ምንም አይጠይቅም ነበር ማለት ነው።

የሮም ማራቶን የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ መሆኑ ነው። አዲስ የተገዛው ጫማ እግሩን ስላቆሰለው አበበ ባዶ እግሩን ሮጠ። ፋሽስቶች ከአክሱም ነቅለው የወሰዱትን ሐውልት አልፎ፣ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር በችቦ ብርሃን ገባ። ጊዜው 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲሆን፣ በዘመኑ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። በዚሁ ሮም ጀርመናዊው አርሚን ሃሪ የ100 ሜትሩን ሩጫ በፑማ ጫማ አሸንፎ፣ ሜዳሊያውን ለመቀበል ሲወጣ አዲዳስ ተጫምቶ ታይቷል። ሁለቱ ኩባንያዎች በሯጮች እግር ላይ የሚያደርጉት የተደበቀ ሽሚያ ያኔ ተጀምሮ ነበር። የአሜሪካው ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ደግሞ የሮምን ጨዋታ ለማሳየት 394 ሺህ ዶላር ከፍሏል፤ በዘመኑ ምንዛሪ ወደ አንድ ሚሊዮን የኢትዮጵያ ብር የሚጠጋ ነው። የጫማውም ሆነ የምስሉ ገበያ ሲደራ፣ ገበያውን የሳበው ሯጭ በሕግ አምስት ሳንቲም መቀበል አይችልም ነበር።

አበበ ሲመለስ ኒሻን ተሸለመ፤ የአሥር አለቅነት ማዕረግም ተሰጠው። መኖሪያ ቤትና ሾፌር ያለው ቮልስዋገን መኪና እንዲጠቀምም ተፈቀደለት፤ ሁለቱም ግን የክብር ዘበኛ ንብረት ነበሩ። ነገሩን ልብ ይሏል። በእጁ የገባው መጠቀም ነው፤ ባለቤትነቱ በሌላ እጅ ቀርቷል። ከሦስት ወር በኋላ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት በሞከረ ጊዜ ከጓዶቹ ጋር ታስሮ ተፈትቷል።

እ.ኤ.አ. በ1961 በኦሳካ ሊሮጥ ሲሄድ የጃፓኑ ጫማ ሠሪ ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ አግባብቶ የራሱን ጫማ አጫማው፤ አበበም አሸነፈ። ነጋዴው የቆጠረው ስሌት ግልጽ ነው፤ ባዶ እግሩን ዓለምን የረታ ሰው ጫማ ከተጫማ፣ የማንንም እግር የሚያሳምን ማስታወቂያ ነው። በ1963 ቦስተን ላይ አምስተኛ ወጣ። ቦስተን ለአሸናፊ ገንዘብ መክፈል የጀመረው በ1986 ስለነበር፣ አንደኛ ቢወጣም ኖሮ የሚያገኘው ገንዘብ አልነበረም።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና አምስት ሳምንት ሲሆነው፣ ፑማ ተጫምቶ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ተከታዩን ከአራት ደቂቃ በላይ ቀድሞታል። የኦሎምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰውም ሆነ። በዚህ ጊዜ የመኮንንነት ማዕረግና የራሱ የሆነ ነጭ ቮልስዋገን ተሰጠው። ከ29 ዓመት በኋላ በ1993 በሽቱትጋርት የዓለም ሻምፒዮና አሸናፊዎች መርሴዲስ መኪና ሲሸለሙ፣ ከእነርሱ አንዱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር። የዓለም የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1982 ሯጮች ገቢያቸውን በአደራ ሒሳብ እንዲያስቀምጡ ፈቀደ፤ በ1997 ለዓለም ሻምፒዮና አሸናፊዎች ገንዘብ መክፈል ጀመረ። ለኦሎምፒክ ወርቅ 50 ሺህ ዶላር የከፈለው ግን በ2024 በፓሪስ ነው፤ ከተቀበሉት አንዱም የማራቶኑ አሸናፊ ታምራት ቶላ ነው። ከሮም እስከዚያ 64 ዓመት ተቆጥሯል።

በጥቅምት 1961 ዓ.ም. አበበ በሜክሲኮ 17 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሮጠ በጉዳት አቋረጠ፤ ድሉን ማሞ ወልዴ ወሰደ። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ምሽት፣ የድካሙ ዋጋ ሆና በእጁ የገባችው ቮልስዋገን ሸኖ አጠገብ ተገለበጠች። ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ታከመ፤ እጆቹን መልሶ አገኘ፣ እግሮቹን ግን አላገኘም። እርሱ ግን ቀስት መወርወር ተማረ፤ በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች ተወዳደረ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 በኖርዌይ በውሾች የሚጎተት የበረዶ ሸርተቴ ውድድር አሸነፈ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ የሚያስገድደው አሠልጣኝም፣ የሚጠብቀው ሹመትም አልነበረም። ሯጩ በራሱ ፈቃድና ለራሱ ብቻ የተወዳደረው በዚህ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም ብለን እናስባለን።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በተገኘበት በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ተቀበረ።

ስሙ ግን በገበያ ላይ መሥራቱን ቀጠለ። ቪብራም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ፣ በባዶ እግር የመሮጥን ስሜት ይሰጣል ለተባለ ጫማ ቢኪላ የሚል ስም አውጥቶ ሸጠ። ቤተሰቡ በ2015 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በ2016 ቤተሰቡ ነገሩን ከ2011 ጀምሮ እያወቀ ክሱን አዘግይቷል በማለት ዘጋው። ስሙ የማን ነው በሚለው በዋናው ጥያቄ ላይ ፍርድ አልተሰጠም።