ነጋድራስ ተሰማ እሸቴና የመጀመሪያው ሸክላ

በኢትዮጵያ የማሲንቆና የክራር ጥበብ ለብዙ ዘመናት ከአንደበት ወደ ጆሮ ሲተላለፍ ኖሯል። ከመካነ ሰላም እስከ ደሴ በተዘረጋው የወሎ ደጋ በየሠርጉና በየጠላ ቤቱ ያዜሙ የነበሩ አዝማሪዎች አብዛኞቹ ስማቸው እንኳ ሳይመዘገብ አልፈዋል። ከአምባሰልና ከባቲ ስማቸውን ያገኙት ቅኝቶች ግን የመላ አገሪቱ ሀብት ሆነው ቀርተዋል። የኢትዮጵያዊን ድምፅ ከመረሳት ለማዳን በሩን ከከፈቱት ሰዎች መካከል ቀዳሚውን ስፍራ የያዙት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው።

ተሰማ እሸቴ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1876 ገደማ በምንጃር ተወለዱ። በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አገልግሎት ላይ ሳሉ በግጥማቸውና በማሲንቆአቸው ታወቁ። በ1900 ዓ.ም. የአውቶሞቢል ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ተላኩ። እዚያም ሳሉ፣ እስከ 1902 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ዜማዎቻቸውን በሸክላ አስቀረጹ። እነዚህም በሸክላ ለገበያ ከቀረቡት የኢትዮጵያ ዜማዎች የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

በዚያን ጊዜ ማይክሮፎን በቀረጻ ሥራ ላይ አልዋለም ነበር። ዘፋኙ ወደ አንድ ትልቅ ቀንድ መሰል መለከት ፊቱን አዙሮ ያዜማል፤ የድምፁም ኃይል መርፌውን እያንቀሳቀሰ በሰም ላይ ይቀረጻል። የሸክላው አንድ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ስለ ነበር፣ አድማጭ እየተቀበለው ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቀው ዜማ በዚያች አጭር ጊዜ መጠቃለል ነበረበት። አዝማሪነት እንደ ዝቅተኛ ሙያ ይታይ በነበረበት ዘመን፣ አንድ የቤተ መንግሥት ሰው ማሲንቆ ይዞ በገዛ ስሙ መቀረጹ ራሱን የቻለ ድፍረት ነበር።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ ለነበሩት ለልጅ ኢያሱ ቅርብ ሆኑ፤ የነጋድራስነት ማዕረግም አገኙ። ነገር ግን ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ። ጥቅምት 17 ቀን ደግሞ ንጉሥ ሚካኤል በሰገሌ ድል ሆኑ። ልጅ ኢያሱ ከመካነ ሰላም በስተ ሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በመቅደላ አምባ ሲከበቡ፣ ወዳጃቸው የነበሩት ተሰማም ከሹመታቸው ወርደው ለእስርና ለግዞት ተዳረጉ።

ነጋድራስ ተሰማ በ1957 ዓ.ም. አረፉ። በእግር ኳስ አመራር አፍሪካን ያገለገሉት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ልጃቸው ናቸው። የነጋድራስ ተሰማ ሸክላዎች ከተቀረጹ ከመቶ ዓመት በኋላ ኢትዮፒክስ በተባለው የሙዚቃ ተከታታይ እንደ ገና ታትመው ለሕዝብ ቀርበዋል። ሹመታቸው ከጌታቸው ውድቀት ጋር አብሮ ወደቀ፤ በሰም የተቀረጸው ድምፃቸው ግን ከሿሚውም ከሻሪውም በላይ ዘለቀ። ሥራው በወቅቱ እንዲመዘገብለት የማይተጋ ባለሙያ ከዚህ ታሪክ የሚማረው ብዙ አለው።