ሮበርት ሀንጌት እና በከብት ጨጓራ ውስጥ የሚኖሩት ደቂቅ ፍጥረታት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ጣርማ በርንና ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ቆላው ከወረደ በኋላ፣ 225ኛው ኪሎ ሜትር ግድም ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። ከዚህ አንሥቶ ወደ አፋር ሜዳ የሚዘልቀው የይፋት ቆላ የማሽላ አገር ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አዝመራው ተሰብስቦ እህሉ ወደ ጎተራ ሲገባ፣ አገዳው ለከብቱ ይቀራል። በጋው ጠንክሮ ሣሩ ሲደርቅ የእርሻ በሬው ነፍስ በዚሁ አገዳ ላይ ይንጠለጠላል። ይሁን እንጂ የአገዳው አብዛኛው ክፍል ሴሉሎስና ይህን የመሰለ ጠንካራ አሠር ነው፤ አሠሩን የሚፈታ ኤንዛይም ደግሞ ከብት ከራሱ አካል አያመነጭም። ታዲያ በሬው ይህን ደረቅ ነገር በልቶ የሚያርስበትን ጉልበት ከየት ያገኛል? ይህን ጥያቄ በሚገባ ለመመለስ ዕድሜያቸውን ከሰጡት ሊቃውንት ዋነኛው አሜሪካዊው ሮበርት ኤድዋርድ ሀንጌት ናቸው።

ሀንጌት እ.ኤ.አ. በ1906 በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በምትገኘው በቼኒ ከተማ ተወለዱ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1935 የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበሉ። መምህራቸው ትውልደ ሆላንዳዊው የረቂቅ ነፍሳት ሊቅ ኮርኔሊስ ቫን ኒል ነበሩ። የተማሪነት ጥናታቸው ስለ ከብት ሳይሆን ስለ ምስጥ ነበር። ምስጥ እንጨት በልቶ የሚኖረው በአንጀቱ ውስጥ በሚረዱት ጥቃቅን ፍጥረታት መሆኑን ሲመረምሩ፣ ሐሳባቸው ሌላው ታላቅ አሠር በል ወደ ሆነው ወደ አመንዣጊው እንስሳ መሄዱ የማይቀር ሆነ።

ከእርሳቸው በፊት ነገሩ ፈጽሞ ያልተነካ አልነበረም። በ1843 ግሩቢና ዴላፎን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በከብት ጨጓራ ውስጥ የሚዋኙ ፕሮቶዞዋዎችን በማይክሮስኮፕ አይተው ነበር። በ1880ዎቹ ደግሞ ጀርመናዊው ታፓይነር ሴሉሎስ በጨጓራ ውስጥ እንደሚብላላ አስረድቶ ነበር። ሥራውን የሚሠራው የትኛው ፍጥረት እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ግን አልተቻለም። ምክንያቱም እነዚህ ባክቴሪያዎች ኦክሲጅን ባለበት ፈጽሞ አያድጉም፤ ከፈርሱ ወጥተው በተለመደው የላቦራቶሪ ሳሕን ላይ ሲዘሩ አየሩ ያጠፋቸዋል። በሳሕኑ ላይ የሚታየው እድገት አየርን የሚችሉት የጥቂቶቹ ብቻ ስለ ነበረ፣ ተመራማሪው ዋናውን ሠራተኛ ትቶ መንገደኛውን ሲቆጥር ይኖር ነበር።

ሀንጌት ከ1935 እስከ 1945 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም እስከ 1956 በዋሽንግተን ስቴት ኮሌጅ ሲያስተምሩ ይህን እንቅፋት በትዕግሥት ታገሉት። የደረሱበት ዘዴ ውድ መሣሪያ አልጠየቀም። ካርቦን ዳይኦክሳይድን በጋለ መዳብ ላይ አሳልፈው የቀረውን ኦክሲጅን ያስወግዱለታል፤ በዚህ ጋዝ የተሞላ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ የቀለጠ አጋር፣ በደቃቁ የተፈጨ ሴሉሎስና የተጣራ የጨጓራ ፈሳሽ ይጨምራሉ። እጅግ ከተበረዘው ፈርስ ጥቂት ጠብታ አግብተው በጎማ ክዳን አጥብቀው ይዘጉታል። ከዚያም ቱቦውን በቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሲያንከባልሉት አጋሩ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ይረጋል። ከቀናት በኋላ ሴሉሎስ የሚበላ ባክቴሪያ ባደገበት ሥፍራ ሁሉ ደብዛዛው አጋር ጠርቶ ክብ ቀለበት ይታይበታል።

በ1947 ባወጡት ጽሑፍ ከከብት ጨጓራ የተገኙ ሴሉሎስ ፈቺ ባክቴሪያዎችን በንጽሕና ለይተው ማሳደጋቸውን አስታወቁ። ዛሬ ፋይብሮባክተር ሱክሲኖጀኒስ እየተባለ የሚጠራው ዓይነት የታወቀው በእርሳቸው ሥራ ነው፤ ሩሚኖኮከስ አልበስ የተባለውንም በ1957 ሰይመውታል።

እነዚህ ፍጥረታት የሚሠሩበት ጨጓራ ኬሚካዊ ፋብሪካን የሚመስል ነው። በትልቅ በሬ ከ100 ሊትር በላይ ይይዛል፤ ሙቀቱ በ39 ዲግሪ አካባቢ ይጸናል፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ ከ10 ቢሊዮን በላይ ባክቴሪያ ይገኛል። ባክቴሪያዎቹ አሠሩ ላይ ተጣብቀው ወደ ስኳር ይፈቱታል፤ ስኳሩም ተብላልቶ አሴቲክ፣ ፕሮፒዮኒክና ቡቲሪክ አሲድ ይሆናል። በሬው የሚያርስበት ጉልበት በአብዛኛው የሚገኘው በጨጓራው ግድግዳ በኩል ወደ ደሙ ከሚገቡት ከእነዚህ አሲዶች ነው። ባክቴሪያዎቹ ራሳቸውም ከፈሳሹ ጋር ወደ ታችኛው ሆድ ወርደው ይፈጩና የእንስሳው ፕሮቲን ይሆናሉ።

ሀንጌት ይህ ሥርዓት ሲናጋ ምን እንደሚደርስም መርምረዋል። በ1952 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጥናት፣ አመንዣጊ እንስሳ በድንገት ብዙ እህል ሲበላ ስትሬፕቶኮከስ ቦቪስ የተባለው ባክቴሪያ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተባዝቶ ጨጓራውን በላክቲክ አሲድ እንደሚሞላውና አሠር ፈቺዎቹ እንደሚያልቁ አሳይተዋል። በይፋት አውድማ ላይ አጥር ጥሶ ከማሽላ ክምር የጠገበ በሬ በማግሥቱ ወድቆ የሚገኝበት ምክንያት ይኸው ነው። እህሉ በራሱ መርዝ ሆኖ አይደለም፤ ለአገዳ የተሰናዳው ማኅበር ለለውጡ ጊዜ ሳያገኝ ስለሚፈርስ ነው።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ሀንጌት በምሥራቅ አፍሪካ የዜቡን፣ ማለት የባለ ሻኛውን ከብት ጨጓራ ከአውሮፓው ከብት ጋር አነጻጽረው ውጤቱን በ1960 አሳትመዋል። ከ1956 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ አስተማሩ። በ1966 ያወጡት ስለ ጨጓራና ስለ ረቂቅ ነፍሳቱ የሚናገረው መጽሐፋቸው ለመስኩ ዋና መማሪያ ሆነ። በ1967 ደግሞ በመብላላቱ የሚወጣው ሃይድሮጅን ወዲያው ተይዞ ወደ ሜቴን ጋዝ እንደሚለወጥ ገለጡ፤ ከከብት የሚወጣውን ሜቴን ለመቀነስ ዛሬ የሚደረገው ምርምር በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው።

ከሥራቸው የሚገኘው ትምህርት ለቆላው ገበሬ ቅርብ ነው፤ ከብትን መቀለብ ማለት አስቀድሞ ባክቴሪያውን መቀለብ ነው። ባክቴሪያዎቹ ለመባዛት ናይትሮጅን ይሻሉ፤ በመኖው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከመቶ 7 ገደማ በታች ሲሆን ሥራቸው ይዳከማል። የደረቀ የማሽላ አገዳ ብዙውን ጊዜ ከዚህ በታች ነው። በዚህም የተነሣ በሬው ሆዱ ሞልቶ ሳለ ይከሳል። መፍትሔው በሁለት መንገድ ይገኛል። አንደኛው በሸዋ ሮቢት አካባቢ ከሚመረተው ማሾ የሚተርፈውን ገለባ ከአገዳው ጋር መቀላቀል ነው። ሁለተኛው ለ100 ኪሎ ግራም የተከተከተ አገዳ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ዩሪያ በውሃ አሟሙቶ መርጨትና አየር እንዳይገባው ከድኖ ሦስት ሳምንት ያህል ማቆየት ነው። ዩሪያው እንዲሁ እንዳለ ቢሰጥ ግን ከብቱን ይገድላል።

ሀንጌት በ1971 የአሜሪካ ረቂቅ ነፍሳት ጥናት ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው ያገለገሉ ሲሆን፣ በ2004 በ98 ዓመታቸው በዴቪስ አረፉ። በስማቸው የተሰየመው ዓለም አቀፍ የምርምር ፕሮጀክት በ2018 የ410 የጨጓራ ረቂቅ ነፍሳትን የዘር መዝገብ አሳትሟል። ከእነዚህም መካከል ብዙዎቹ አየር በማይገባው ቱቦ ውስጥ ካላደጉ ሊመረመሩ የማይችሉ ነበሩ።