ኤቨረት ኬስ፤ የአሠልጣኝ ለውጥና የሰው ምርጫ

በማናቸውም የሥራ መስክ አንድ ኃላፊ ተነሥቶ ሌላ በእግሩ ሲተካ፣ አዲሱ ሰው በቅድሚያ የሚገጥመው ጥያቄ በእጅ ያለውን ሰው ይዞ ይሥራ ወይስ ላቀደው ሥራ የሚስማማውን ሰው ከያለበት ፈልጎ ያምጣ የሚለው ነው። የመጀመሪያው መንገድ ትዕግሥትን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሰውን ለይቶ የማወቅ ችሎታንና ድፍረትን ይሻል። በአሜሪካ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ታሪክ ውስጥ ሁለተኛውን መንገድ እስከ ጫፉ ከተጓዙት፣ ፍሬውንም እሾሁንም ከቀመሱት አሠልጣኞች አንዱ ኤቨረት ኬስ ነው። ያሠለጠነበት ተቋም የግብርናና የምሕንድስና ኮሌጅ ስለ ነበረ፣ የሕይወት ታሪኩ ለሙያው ባልደረቦች ፈጽሞ ባዕድ አይሆንም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኬስ ጁን 21 ቀን 1900 ዓ.ም. በኢንዲያና ግዛት አንደርሰን በተባለች ከተማ ተወለደ። በዚያ አገር የቅርጫት ኳስ ከመዝናኛነት አልፎ የየከተማው ክብር መለኪያ ነበር። ትልቁም ትንሹም ትምህርት ቤት በአንድ የፍጻሜ ውድድር ስለሚገናኝ፣ የግዛቱን ዋንጫ ማግኘት ቀላል ነገር አልነበረም። ኬስ ራሱ ስመ ጥር ተጫዋች ሳይሆን ገና በወጣትነቱ ወደ አሠልጣኝነት ገባ። የፍራንክፈርት ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን ቡድን በመምራትም በ1925፣ በ1929፣ በ1936 እና በ1939 ዓ.ም. አራት ጊዜ ለግዛቱ ዋንጫ አበቃው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በባሕር ኃይል ውስጥ በመኮንንነት ሲያገለግል የጦር ሰፈር ቡድኖችን አሠልጥኗል። ይህም ከልዩ ልዩ ግዛቶች የመጡ ወጣቶችን ከቅርብ ለመመልከት ዕድል ሰጠው።

በ1946 ዓ.ም. በራሌይ ከተማ የሚገኘው የሰሜን ካሮላይና ስቴት ኮሌጅ አዲስ አሠልጣኝ ይፈልግ ነበር። ቡድኑ በቀደመው የውድድር ዘመን ካደረጋቸው 18 ግጥሚያዎች ያሸነፈው 6ቱን ብቻ ነበር። የአካባቢው ሕዝብ ፍቅርም ከቅርጫት ኳስ ይልቅ ለአሜሪካ እግር ኳስ ያደላ ነበር። ኬስ ሥራውን ሲረከብ በአካባቢው የጨዋታው መሠረት ገና እንዳልተጣለ ተገነዘበ። በመሆኑም የሠለጠነ ሰው እስኪበቅል ከመጠበቅ ይልቅ፣ ከሚያውቀው ምንጭ ለመቅዳት ወሰነ። ከጦር ሠራዊት የተመለሱና በአሠራሩ የሚግባቡ ስድስት የኢንዲያና ወጣቶችን ይዞ መጣ፤ ከእነዚህም መካከል ዲክ ዲኪና ኖርም ስሎን ይገኙበታል። የ1944 ዓ.ም. የወታደሮች መቋቋሚያ ሕግ ለተመላሾቹ የትምህርት ወጪ የሚከፍል መሆኑ ለኮሌጆች ሁሉ በር ከፋች ነበር። ኬስም በተከፈተው በር ከማንም ቀድሞ ገባ።

የምልመላው ፍልስፍና በሦስት ነገሮች ላይ የቆመ ነበር። አንደኛ፣ አሠልጣኙ በሚገባ የሚያውቀውን ምንጭ መምረጥ፤ ሁለተኛ፣ የአጨዋወቱን ስልት አስቀድሞ ወስኖ ለስልቱ የሚሆነውን ሰው መፈለግ፤ ሦስተኛ፣ ተመልማዩ ቤቱ ትቶት ከመጣው የሚበልጥ መድረክ እንዲያገኝ ማድረግ ናቸው። የኬስ ስልት ፈጣን ሩጫንና በሜዳው ርዝመት ሁሉ ተጋጣሚን መጫንን የሚያጣምር ስለ ነበር፣ በቁመት ብቻ የሚመካ ተጫዋች አይበቃውም። ትንፋሹ የማያጥርና ከልጅነቱ ይህን የለመደ ወጣት ያስፈልገው ነበር። ይህ ዓይነቱ ወጣት ደግሞ በኢንዲያና በብዛት ይገኝ ነበር።

ውጤቱ አልዘገየም። በመጀመሪያው ዓመት ቡድኑ 26 ጊዜ አሸንፎ 5 ጊዜ ብቻ ተሸነፈ፤ የሳውዘርን ኮንፈረንስንም ዋንጫ ወሰደ። በፌብሩዋሪ 1947 ዓ.ም. ከጎረቤቱ ከሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ጋር ሊደረግ የነበረው ግጥሚያ፣ ሕዝቡ በርና መስኮት ጥሶ አሮጌውን ጂምናዚየም ስላጥለቀለቀው በእሳት አደጋ ኃላፊው ትእዛዝ ተሰረዘ። ቡድኑ ከ1947 እስከ 1952 ዓ.ም. ስድስት ዓመት በተከታታይ የኮንፈረንሱ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1950 ዓ.ም. ደግሞ በብሔራዊው ውድድር ሦስተኛ ወጣ።

የፍልስፍናው ሦስተኛ ምሰሶ በብረትና በሲሚንቶ ተገልጿል። በኮሌጁ ግቢ ለትልቅ አዳራሽ የተተከለ የብረት አፅም ነበር። በጦርነቱ ምክንያት ሥራው ስለ ተቋረጠ ጣራና ግድግዳ ሳይኖረው ለዓመታት ቆሞ ቀርቷል። ኬስ ይህን አፅም ሲያይ የምልመላውን መሣሪያ አየበት፤ ሕንፃው ሲጠናቀቅ መጀመሪያ ከታሰበው የበለጠ ሰው እንዲይዝ አጥብቆ ጠየቀ። የቆመው ብረት ስፋቱን ስለ ወሰነው አዳራሹ በርዝመቱ እንዲቀጥል ተደረገ። ብዙዎቹ ተጨማሪ መቀመጫዎች በሁለቱ ጫፎች የመዋላቸውና የሕንፃው ጠባብና ረጅም የመሆን ምክንያት ይኸው ነው። የሬይኖልድስ አዳራሽ በዲሴምበር 1949 ዓ.ም. ሲከፈት 12,400 ተመልካች ይይዝ ነበር። በዚያው ወር አራቱ የሰሜን ካሮላይና ታላላቅ ቡድኖች ከሌላ ቦታ የሚጋበዙ አራት ቡድኖችን ለሦስት ቀን የሚገጥሙበት የዲክሲ ክላሲክ ውድድር በዚሁ አዳራሽ ተጀመረ። ከሩቅ የሚመጣ ወጣት አዳራሹንና ሕዝቡን ሲያይ፣ አሠልጣኙ ብዙ ቃል ማባከን አያስፈልገውም ነበር።

ጎረቤቶቹ ዝም ብለው አልተመለከቱም። የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በኬስ 15 ጊዜ በተከታታይ ከተሸነፈ በኋላ በ1952 ዓ.ም. ፍራንክ ማክጋየር የተባለውን አሠልጣኝ ከኒው ዮርክ አስመጣ። ማክጋየርም የኬስን ዘዴ በራሱ ምንጭ ላይ አዋለው፤ ተጫዋቾቹን ከኒው ዮርክና ከአካባቢው መለመለና በ1957 ዓ.ም. 32 ግጥሚያዎችን ያለ አንድ ሽንፈት ጨርሶ የብሔራዊውን ዋንጫ ወሰደ። በ1959 ዓ.ም. ደግሞ የኬስ ተጫዋችና ረዳት የነበረው የኢንዲያናው ቪክ ቡባስ የዱክ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ሆኖ ተሾመ። ኬስ ያስተማረው ብልሃት ተመልሶ መጋጠሚያው ሆነ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሰውን ከሩቅ የማምጣት ጥድፊያ ከደንብ ጋር ያጋጨዋል። ኮሌጁ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ጠርቶ በሜዳ በመፈተን ደንብ ጥሷል ተብሎ ስለ ተቀጣ፣ በ1955 ዓ.ም. የአዲሱ የአትላንቲክ ኮስት ኮንፈረንስ ሻምፒዮን ቢሆንም በብሔራዊው ውድድር መካፈል አልቻለም። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ጃኪ ሞርላንድ የተባለ የሉዊዚያና ወጣት በተመለመለበት ሁኔታ ምክንያት የኮሌጁ ስፖርት በጠቅላላ በአራት ዓመት ቅጣት ሥር ወደቀ። በ1959 ዓ.ም. የተገኘውም ዋንጫ ስለዚህ ወደ ብሔራዊው ውድድር አላደረሰም። የተቀጣው የመለመለው ሰው ብቻ አልነበረም፤ በምልመላው ምንም ድርሻ ያልነበራቸው ተጫዋቾች የድካማቸውን ዋጋ አጥተዋል።

ሌላውና ጥልቁ ጉድለት በደንብ የተከለከለው ሳይሆን በጊዜው ልማድ የተፈቀደው ነው። በዘር መለያየት ሥር በነበረው ደቡብ፣ ኬስ በመራባቸው ዓመታት ሁሉ በስቴት ቡድን ውስጥ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልተሰለፈም። ኬስ የሚያከብረው የኢንዲያና ምንጭ በ1955 እና በ1956 ዓ.ም. ካፈራቸው ሁሉ የሚበልጠው ኦስካር ሮበርትሰን ነበር። ነገር ግን ሮበርትሰን በሬይኖልድስ አዳራሽ የተጫወተው በ1958 ዓ.ም. ከሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ጋር በእንግድነት መጥቶ፣ የተመልካቹንም የዘር ስድብ ችሎ ነው። ሰውን በችሎታው ብቻ እመርጣለሁ የሚል ፍልስፍና፣ ግማሹን በር ዘግቶ የሚመርጥ ከሆነ ስሙን በሙሉ ሊሸከም አይችልም።

በ1961 ዓ.ም. ከባድ ምት መጣ። ጥቂት የስቴት ተጫዋቾች ከቁማርተኞች ገንዘብ ተቀብለው የግጥሚያ ውጤት ማዛባታቸው ተገለጠ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ዊልያም ፍራይዴ የዲክሲ ክላሲክን ውድድር አስቀረ፤ የግጥሚያዎቹን ቁጥር ቀነሰ፤ ከኮንፈረንሱ አካባቢ ውጭ ለሚመጡ ተጫዋቾች የሚሰጠውንም የነፃ ትምህርት ዕድል በዓመት በሁለት ወሰነ። የኬስ ቡድን የተገነባበት የምልመላ መንገድ በአንድ ውሳኔ ጠበበ። ከዚያ በኋላ በአብዛኛው የአካባቢውን ልጅ ማሠልጠን ግድ ሆነ።

ዳሩ ግን በእነዚያ ዓመታት የአካባቢው ልጅ አልነበረም ሊባል አይችልም። በ15 ዓመት ውስጥ ቅርጫት ያልተሰቀለበት ግቢ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኖ ነበር። ኬስ በካንሰር በሽታ ስለ ደከመ በዲሴምበር 1964 ዓ.ም. ሥራውን ለረዳቱ ለፕሬስ ማራቪች ለቀቀ፤ በስቴት ቆይታውም 377 ጊዜ አሸንፎ 134 ጊዜ ተሸንፏል። በማርች 1965 ዓ.ም. ስቴት በሬይኖልድስ አዳራሽ በቡባስ የሚመራውን ዱክን 91 ለ85 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በፍጻሜው 30 ነጥብ አስቆጥሮ የውድድሩ ኮከብ የተባለው ላሪ ዎርስሊ የሰሜን ካሮላይና ገጠር ልጅ ነበር። ተጫዋቾቹ ታማሚውን ኬስን አንሥተው፣ እሱ ራሱ ከኢንዲያና ያመጣውን ልማድ በመከተል መረቡን አስቆረጡት።

ኬስ ኤፕሪል 30 ቀን 1966 ዓ.ም. ዐረፈ። ሚስትና ልጅ ስላልነበረው ከሀብቱ ከፊሉን ለቀድሞ ተጫዋቾቹ ተናዘዘ። መቃብሩ ቡድኑ ወደ ዱክና ወደ ቻፐል ሂል በሚጓዝበት አውራ ጎዳና አቅጣጫ ይገኛል። በ1982 ዓ.ም. ስሙ በቅርጫት ኳስ የዝና አዳራሽ ገባ።

ከስድስቱ የ1946 ዓ.ም. ወጣቶች አንዱ የነበረው ኖርም ስሎን በ1974 ዓ.ም. ስቴትን ለመጀመሪያ ጊዜ የብሔራዊ ዋንጫ ባለቤት አደረገው። የቡድኑ ዋና ተጫዋች ዴቪድ ቶምሰን የሰሜን ካሮላይና ተወላጅና ጥቁር ነበር። በምልመላው ጉድለት ምክንያት ያላንዳች ሽንፈት የተጠናቀቀው የ1973 ዓ.ም. ቡድን ከብሔራዊው ውድድር መታገዱም ሲታሰብ፣ ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ መልካሙን ብቻ ሳይሆን ድካሙንም መውረሱ ግልጽ ነው። አዲስ ኃላፊ የሠለጠነ ሰው ከውጭ ማምጣቱ አያስነቅፈውም፤ ብዙ ጊዜም የተኛውን ሥራ የሚቀሰቅሰው ይኸው ነው። ነገር ግን የመጣው ሰው ዋጋ በመጨረሻ የሚለካው በደጃፍ ያለው ወጣት ከእሱ አይቶ በተማረው መጠን፣ በሩም ለማን እንደ ተከፈተና በማን ላይ እንደ ተዘጋ ተመርምሮ ነው።