ሩፐርት ጉልድ፦ የዛጉትን የባሕር ሰዓቶች ያስነሣ መኮንን

የባሕር ጥንታዊ ዕቃ የሚሰበስብ ሰው አንድ ችግር ዘወትር ይገጥመዋል። የመርከብ ደወል፣ ኮምፓስ ወይም የባሕር ሰዓት በእጁ ሲገባ ከፊቱ ያለው የናስና የእንጨት ቁራጭ ብቻ ነው። ማን እንደ ሠራው፣ በየትኛው መርከብ ላይ እንደ ዋለ፣ ማን እንደ ጠገነው የሚያስረዳ ጽሑፍ ካልተገኘ ዕቃው ያለ ዘር ሐረግ የቀረ ባዳ ይሆናል። ይህን ችግር ከማንም ይልቅ የተረዳውና ዕድሜውን የሠዋለት ሰው እንግሊዛዊው የባሕር ኃይል መኮንን ሩፐርት ቶማስ ጉልድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ጉልድ በኅዳር ወር 1890 በፖርትስመዝ ከተማ አጠገብ፣ ሳውዝሲ በተባለ ሥፍራ ተወለደ። ገና በወጣትነቱ በ1906 ወደ ዳርትመዝ የባሕር ኃይል ኮሌጅ ገብቶ መርከብ የመምራትን ሙያ ተማረ። ተስፋ የተጣለበት መኮንን ቢሆንም የአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1914 ሲፈነዳ አእምሮው ታወከና ከባሕር አገልግሎት ተገለለ። ከሕመሙ ካገገመ በኋላ የባሕር ካርታ በሚዘጋጅበት የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ተመደበ። መርከብ ላይ የመውጣት ዕድሉ ቢዘጋበትም መርከብ የሚመራባቸውን መሣሪያዎች ታሪክ መመርመሩን አልተወም። በ1917 አግብቶ ሁለት ወንዶች ልጆች ወልዷል።

የጉልድን ሥራ ለመረዳት ከእርሱ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ የነበረውን ችግር ማስታወስ ያስፈልጋል። በውቅያኖስ መካከል ያለ መርከበኛ ኬክሮሱን ከፀሐይ ወይም ከከዋክብት ከፍታ ያገኛል፤ ኬንትሮሱን ለማወቅ ግን በተነሣበት ወደብ ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ማወቅ አለበት። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር የአንድ ሰዓት ልዩነት 15 ዲግሪ፣ የ4 ደቂቃ ልዩነት ደግሞ 1 ዲግሪ ነው። ይኸውም በምድር ወገብ ላይ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ማለት ነው። በዚያ ዘመን የነበረው ፔንዱለም ያለው ሰዓት በማዕበል ላይ አይሠራም ነበር። በ1707 የእንግሊዝ መርከቦች ያሉበትን በመሳት በሲሊ ደሴቶች አለት ላይ ተሰባብረው እስከ ሁለት ሺህ የሚደርስ ሰው አለቀ። በ1714 የእንግሊዝ ፓርላማ ኬንትሮስን በግማሽ ዲግሪ ውስጥ ለይቶ ለሚያሳውቅ ሰው 20,000 ፓውንድ ለመስጠት ወሰነ።

ይህን ሽልማት የተከታተለው ጆን ሐሪሰን የተባለ የዮርክሻየር ተወላጅ አናጢ ነበር። በ1735 የመጀመሪያውን የባሕር ሰዓት ፈጸመ፤ ክብደቱ 34 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በዚያ ሳይወሰን ሁለተኛውን ሠራ፤ በሦስተኛው ላይ ደግሞ ወደ 19 ዓመት ደከመ። ይህ ሦስተኛው ሰዓት ለእኛ ለመሐንዲሶች ልዩ ትርጉም አለው። ሐሪሰን ክብ ዘንጎች በማቀፊያ ውስጥ የሚሽከረከሩበትን ኩሽኔታ፣ እንዲሁም ናስና ብረት ተጣብቀው ሙቀት ሲለዋወጥ የሚታጠፈውን ስስ ዝርግ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ለእርሱ ሲል ነው። ዛሬ በካውያ ውስጥ ሙቀቱን ጠብቆ የሚያቋርጠው መሣሪያ የዚያ ዝርግ የልጅ ልጅ ነው። በ1759 የተፈጸመው አራተኛው ግን 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ትልቅ የኪስ ሰዓት የሚመስል ሲሆን፣ በ1761 ወደ ጃማይካ ተጉዞ ሲደርስ የሳተው 5 ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር።

ሐሪሰን የድካሙን ዋጋ በቀላሉ አላገኘም። ከብዙ ክርክር በኋላ በ1766 ሦስቱ ትልልቅ ሰዓቶች ከቤቱ ተወስደው፣ ሞላ በሌለው ጋሪ ተጭነው ወደ ግሪንዊች የከዋክብት ጥናት ጣቢያ ተጓዙ። የመጀመሪያው ሰዓት ገና ከቤት ሲወጣ ከሠራተኞቹ እጅ ወድቆ ተጎዳ። በ1773 ፓርላማው ቀሪውን ገንዘብ ከፈለው፤ በ1776 አረፈ። ሰዓቶቹ ግን በግሪንዊች ተረስተው ቀሩ።

ጉልድ በ1920 ያገኛቸው በዚህ ሁኔታ ነበር። የመጀመሪያው ሰዓት ከባሕር ወለል የወጣ እስኪመስል ድረስ በአረንጓዴ ዝገት ተሸፍኖ፣ ክፍሎቹ ጎድለው፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሳይንቀሳቀስ ቆሞ ነበር። ጉልድ የሰዓት ሠሪነት ትምህርት አልነበረውም። ሆኖም የጣቢያውን የበላይ ኃላፊ ሰር ፍራንክ ዳይሰንን አስፈቅዶ፣ ክፍያ ሳይጠይቅ ሰዓቱን ሊያጸዳ ተነሣ። መሣሪያው ተራ የባርኔጣ ብሩሽ ነበር። በዚያ ብሩሽ ብቻ ወደ 57 ግራም የሚመዝን ቆሻሻና ዝገት አራገፈ።

ሥራው ሲሠምርለት ሌሎቹንም ጠየቀ። የአራተኛውን ሰዓት ጠቋሚዎች ሳይሰብር ማውጣት ብቻ ሦስት ቀን ፈጀበት። ሦስተኛው ሰዓት 753 ክፍሎች ያሉት በመሆኑ ሰባት ዓመት ወሰደ። ሐሪሰን ሐሳቡን በጽሑፍ ግልጽ አድርጎ የመግለጽ ስጦታ ስላልነበረው፣ ጉልድ የእያንዳንዱን ክፍል ተግባር ከራሱ ከዕቃው ማንበብ ነበረበት። የፈታውን ሁሉ በልዩ ልዩ ቀለም እየሣለና እያብራራ በማስታወሻ ደብተሮች መዘገበ፤ ደብተሮቹ በመጨረሻ 18 ደረሱ።

ከጥገናው ጎን ለጎን በ1923 የባሕር ሰዓትን አመጣጥና ዕድገት የሚተርክ ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ እስከ ዛሬ ድረስ የሰብሳቢዎች መመሪያ ሆኖ ቆይቷል፤ አንድን ሰዓት ከሠሪው ስም፣ ከተቀረጸበት ቁጥርና ከአሠራሩ ተነሥቶ መለየት የሚቻልበትን መንገድ ከፍቷልና። ከ1821 ጀምሮ ግሪንዊች የባሕር ኃይሉን ክሮኖሜትሮች ይቆጣጠር ስለ ነበር፣ የትኛው ቁጥር ለየትኛው መርከብ እንደ ተሰጠ የሚያሳዩ መዝገቦች አሉ። ለምሳሌ በ1831 ቻርልስ ዳርዊንን ይዛ በተነሣችው ቢግል ላይ 22 ክሮኖሜትሮች ተጭነው ነበር፤ ከእነዚህም አንዱ፣ ቶማስ ኧርንሾ የሠራው ቁጥር 509፣ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ያ ቁጥርና ያ መዝገብ ባይኖሩ ኖሮ እንደ ማንኛውም አሮጌ ሰዓት ይቆጠር ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ላርከም ኬንዳል የሠራው ሁለተኛው የባሕር ሰዓት ታሪክ ነው። በ1787 ካፒቴን ብላይ በባውንቲ መርከብ ይዞት ሄደ። በ1789 መርከበኞቹ አምፀው መርከቡን ሲወስዱ ሰዓቱም አብሮ ወደ ፒትኬርን ደሴት ተሰደደ። በ1808 ደሴቲቱን ለደረሰባት አሜሪካዊ ካፒቴን ተሰጠ፤ የስፔን ሹም በሁዋን ፈርናንዴዝ ደሴት ነጠቀው፤ በደቡብ አሜሪካ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ በ1840 አንድ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል ካፒቴን አግኝቶ ወደ አገሩ መለሰው። ሰንሰለቱ በአንድ ቦታ እንኳ ቢበጠስ ኖሮ ይህ ሰዓት የባውንቲ ሰዓት መሆኑን ማንም ሊመሰክር ባልቻለ ነበር።

ጉልድ ለዚህ ሥራ ውድ ዋጋ ከፈለ። ሌሊቱን ከሰዓቶቹ ጋር የሚያድረው ሰው በቤቱ ሰላም አልነበረውም። በ1927 ከባለቤቱ ጋር በፍርድ ቤት ተለያየ፤ የክሱ ዝርዝር በጋዜጣ ወጣ። በዚህ ሳቢያ ሥራውንም፣ ቤቱንም፣ ከልጆቹ ጋር መኖርንም አጣ። ሕመሙም ይመለስበት ነበር። ይህን ስናይ ትጋቱን ብቻ አወድሰን ማለፍ አይገባንም፤ የሚስቱና የልጆቹ ድርሻ ከሐሪሰን ሰዓቶች ዋጋ ውስጥ መቆጠር አለበት። ሆኖም ሥራውን አላቋረጠም። በየካቲት 1933 የመጀመሪያው ሰዓት፣ የጎደሉት ክፍሎቹ ተሟልተውለት፣ እንደገና መምታት ጀመረ። ጅምሩ ከተጣለ 13 ዓመት ሆኖት ነበር። በ1937 በግሪንዊች ብሔራዊ የባሕር ሙዚየም ሲከፈት ሰዓቶቹ ለሕዝብ ታዩ።

በዛሬው የጥንታዊ ዕቃ ጥበቃ ሕግ ቢመዘን የጉልድ ሥራ ነቀፋ የለበትም ማለት አይቻልም። ዛሬ ጠጋኝ ዋናውን ዕቃ በተቻለ መጠን ሳይነካ እንዲተው፣ የጨመረውም ሁሉ ኋላ ሊነሣ የሚችል እንዲሆን ይጠበቃል። ጉልድ ግን ሰዓቶቹ እንዲሄዱ ስለ ፈለገ የጎደለውን ተክቷል፣ የማይሠራውን አስተካክሏል። በዚህም ምክንያት ዛሬ የምናየው ሰዓት የሐሪሰን ብቻ ሳይሆን የጉልድም እጅ ያለበት ነው። ከጥፋት ያዳነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም መጻፉ ነው። ማስታወሻዎቹ ስላሉ የሐሪሰንን ሥራ ከእርሱ ሥራ ለይቶ መከታተል ይቻላል። ሳይጽፍ ጠግኖ ቢሆን ኖሮ የሁለቱ እጅ ተቀላቅሎ፣ ሰዓቱ ቢመታም ታሪኩ በቆመ ነበር።

ጉልድ በቀረው ዘመኑ ስለ ልዩ ልዩ እንቆቅልሾች መጻሕፍት ጻፈ፤ በሬዲዮም የአድማጮችን ጥያቄ ከሚመልሱት ሊቃውንት አንዱ ሆኖ ታወቀ። በ1947 የእንግሊዝ የሰዓት ሙያተኞች ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው። በጥቅምት ወር 1948 በካንተርበሪ ከተማ አረፈ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓቶች በግሪንዊች ጣቢያ አሁንም ይሄዳሉ፤ አራተኛው ግን ዘይት የሚፈልግ በመሆኑ እንዳያልቅ ቆሞ ይጠበቃል።

የእኛ ሙያ ሰዎች ሥራ ሲያልቅ በተግባር የተሠራውን የሚያሳይ ንድፍ የማዘጋጀት ግዴታ አለብን። ይህን ግዴታ ብዙ ጊዜ እንደ ትርፍ ድካም እናየዋለን፤ ፓምፑ ውኃ ከሰጠ፣ ሞተሩ ከተነሣ ደብተሩን ማን ይጠይቃል እንላለን። የሚጠይቀው ገና ያልተወለደው ጠጋኝ ነው። ሐሪሰን በደንብ ስላልጻፈ ጉልድ 13 ዓመት ደከመ። ጉልድ ስለ ጻፈ ግን ከእርሱ በኋላ የመጣ ሠራተኛ ያንን ድካም መድገም አላስፈለገውም።